«እትዬን ደረሰኝ ብዬ እንዴት ልጠይቃቸው?»

የታኅሣሥ ጠዋት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ሣሩ አመዳይ ለብሷል፤ የቧንቧው ውሃ እጅ ይቆርጣል። ነጻ የሕግ ድጋፍ በሚሰጥበት ክፍል በር ላይ አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ከሥራ ልብሷ በላይ ስስ ነጠላ ጣል አድርጋ ቆማለች። ጋቢዋ፣ ብርድ ልብሷና መታወቂያዋ ጠባሴ ሰፈር በተከራየችው ክፍል ውስጥ ቀርተዋል። በሩ ላይ የራሷ ቁልፍ አለ፤ ማታ ከፈረቃ ስትመለስ ግን ከሷ ቁልፍ በላይ ሌላ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎ ጠበቃት። አከራይዋ «የሦስት ወር ኪራይ አልከፈለችኝም» ብለዋል። እሷ «ከፍያለሁ» ትላለች።

«ደረሰኝ አለሽ?» ተብላ ስትጠየቅ የመለሰችው መልስ ከጆሮ አልወጣ ያለ ነው። «እትዬን ደረሰኝ ብዬ እንዴት ልጠይቃቸው? ቡና ሲያፈሉ እኮ ጠርተውኝ ነው የሚጠጡት።»

ስለ ተከራይ መብት ሲወራ ወሬው ቶሎ ወደ ችሎትና ወደ ጠበቃ ይሄዳል። የዚች ልጅ ጉዳይ ግን ችሎት ከመድረሱ አራት ወር በፊት፣ በቡና ሲኒ ዙሪያ ነው የተበላሸው። ደረሰኝ መጠየቅ አለማመን ነው፤ አለማመን ደግሞ ነውር ነው። አንድ ግቢ ውስጥ አንድ ቧንቧና አንድ ቆጣሪ እየተጋሩ፣ ልጃቸው ሲታመም አብሮ እያደሩ «ይፈርሙልኝ» ማለት ለአፍ ይከብዳል። የሕግ ባለሙያው ሥራ የሚጀምረው ያ ያልተጠየቀ ፊርማ ጎድሎ ሲገኝ ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ የሚባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ነጻ የሚባለው ለማን ነው?

ብዙ ሰው «መንግሥት ጠበቃ ያቆምልኛል» ብሎ ይመጣል። ግማሹ እውነት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20(5) በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲቆምለት የፈቀደው ለተከሰሰ ሰው ነው፤ ያውም ጠበቃ ለማቆም አቅም ሲያጣና ፍትሕ ሲጓደል። ከቤት የተባረረ ተከራይ የወንጀል ተከሳሽ አይደለም። አንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው ጉዳዩን ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት እንዳለው ይናገራል እንጂ ጠበቃ አይሰጠውም። ስለዚህ ተከራይ የሚያገኘው ነጻ እርዳታ ከአንድ በር አይወጣም፤ ከተለያየ ቦታ የተለቃቀመ ነው።

አንደኛው በር ዩኒቨርሲቲ ነው። የሕግ ትምህርት የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ያቋቁማሉ፤ ለሰሜን ሸዋ ሰው የሚቀርበው የደብረ ብርሃኑ ነው። መምህራኑ ያማክራሉ፣ ማመልከቻ ይጽፋሉ፤ ተማሪዎቹ አጠገባቸው ሆነው ይማራሉ። ሁለተኛው የፍትሕ ጽሕፈት ቤት ነው። አቅም የሌላቸው ሴቶች፣ ሕፃናት፣ አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን በፍትሐ ብሔር ጉዳያቸው ዐቃቤ ሕግ እንዲያግዛቸው መጠየቅ ይችላሉ። ሦስተኛው የግል ጠበቃ ነው። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለሚቆሙ ጠበቆች በ1992 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57 በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግሉ አዝዞ ነበር፤ ይህ ልማድ በሙያው ውስጥ ቆይቷል። ለሴት ተከራይ ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ፤ በአማራ ክልል ቅርንጫፉ ባሕር ዳር ነው። ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ባሕር ዳር ድረስ መሄድ ለቤት ኪራይ ጉዳይ የሚታሰብ አይደለም፤ በስልክ ማማከር ግን ይቻላል።

ነጻ ጠበቃ ተገኘ ማለት ፍርድ ቤቱ ነጻ ሆነ ማለት አይደለም። ክስ ሲከፈት ለፍርድ ቤቱ የሚገባ የዳኝነት ክፍያ የሚባል አለ። እሱንም መክፈል ያቃተው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 467 ጀምሮ በተጻፈው መሠረት በደሃ ደንብ ልክሰስ ብሎ ማመልከት ይችላል። ማመልከቻው የሚንቀሳቀስና የማይንቀሳቀስ ንብረቱን ዝርዝር ከነግምቱ ይይዛል፤ ከቀበሌ የድህነት ማስረጃም ይያያዛል። እዚህ ላይ የሚበላሸው የንብረት ዝርዝሩ ነው። ሰው አፍሮ ወይም ሳያስበው «ምንም የለኝም» ብሎ ይጽፋል፤ ከዚያ ከሳሹ በስልኩ ሲያወራ ዳኛው ያዩታል። ስልክም፣ አልጋም፣ ፍራሽም ይጻፍ። የሚታየው ክፍያውን መክፈል መቻል አለመቻሉ ነው እንጂ ባዶ እጅ መሆኑ አይደለም።

በትንሽ ከተማ የሚያጋጥም አንድ ነገር ላንሣ። አከራይዋ ቀድመው ወደ ማዕከሉ መጥተው ከተማከሩ፣ ተከራይዋን ያው ማዕከል ሊረዳት አይችልም። ሁለት ባላጋራ በአንድ ጠበቃ አይያዝም። ጡረታ የወጡ፣ የአንዲት ሰርቪስ ክፍል ኪራይ የሚበሉ አከራዮችም ድሃ ናቸው፤ ለነጻ ድጋፍ ይበቃሉ። ስለዚህ «ነገ እሄዳለሁ» ማለት አንዳንዴ በሩን ለሌላው መልቀቅ ነው።

ሦስት ዓምድ ያለው ወረቀት

ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ባለሙያ መጀመሪያ የሚያደርገው ሕግ መጥቀስ አይደለም። አንድ ነጭ ወረቀት በሦስት ይከፍላል፦ ቀኑ፣ የሆነው፣ ማስረጃው። ልጅቱ ታወራለች፤ እሱ ይጽፋል። ነሐሴ 1 ገባች። የስድስት ወር ውል ፈረመች። የአንድ ወር ኪራይ ቀብድ ብላ አስያዘች። የነሐሴን በእጅ ከፈለች። የመስከረም፣ የጥቅምትና የኅዳር ኪራይ በወሩ በ5 በቴሌብር ላከች። የመጀመሪያው ዓምድ ሞላ፣ ሁለተኛውም ሞላ። ሦስተኛው ዓምድ ላይ ግን ብዙ ባዶ ቦታ አለ።

«የአከራይሽ ስም ማነው?»

«እትዬ...» አለችና ቆመች።

ይህ በየቀኑ የሚያጋጥም ነው። ክስ የሚቀርበው በሰው ላይ ነው፤ ሰው ደግሞ በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ከነአድራሻው ይጻፋል። ግቢ ውስጥ ግን አከራይ «እትዬ» ናቸው፣ «ጋሼ» ናቸው፣ «የእነ እገሌ እናት» ናቸው። ሙሉ ስሙ ከውሉ ካልተገኘ ከቀበሌ መዝገብ ይፈለጋል። የመብራት ቢል ላይ ማየትም ያግዛል፤ ነገር ግን ቆጣሪው ብዙ ጊዜ በሞቱት ባል ስም ነው የሚገኘው። የቤቱ ካርታ በሟች ስም ሆኖ ወራሽነት ያልተጣራ ቢሆንም ተከራይ አይደንግጥ፤ ያከራየው፣ የፈረመውና ገንዘቡን የተቀበለው ሰው ይከሰሳል።

ወደ ጠረጴዛው የሚመጣ ሰው ሊይዝ የሚገባው ብዙ አይደለም። ውሉ፣ የክፍያ መልእክቶቹ ወይም የባንክ ስሊፑ፣ መታወቂያው፣ ግቢው ውስጥ የሚኖሩና የዓይን ምስክር የሚሆኑ የሁለት ሰዎች ሙሉ ስም፣ ከአከራዩ ጋር የተላላኩት መልእክት ሁሉ። ስልኩ ራሱ መቅረብ አለበት፤ ስክሪንሻት ብቻ ይዞ መምጣት አይበቃም፣ ቁጥሩና ቀኑ ተቆርጦ ይቀራልና። ስልክ የሚቀይር ሰው የድሮውን ሲሸጥ ኪራዩንም አብሮ ይሸጠዋል።

የልጅቱ ስልክ ተከፈተ። ሦስቱም መልእክት አለ። በወር 2,500 ብር፣ በድምሩ 7,500። የተቀባዩ ስም ግን የወንድ ነው። ውሉ ላይ የፈረሙት እትዬ ናቸው።

«ይሄ ማነው?»

«ልጃቸው ነው። እሳቸው ቴሌብር አይችሉም።»

ባለሙያው ብዕሩን አስቀመጠ። እትዬ ፍርድ ቤት ቀርበው «ለልጄ ያበደረችው ይሆናል፤ እኔ የማውቀው ነገር የለም» ቢሉ ምን ይመለስላቸዋል? ገንዘቡ መላኩ ተረጋግጧል፤ ኪራይ መሆኑ ግን አልተረጋገጠም። መጠኑ አንድ፣ ቀኑ አንድ መሆኑ ብዙ ይናገራል፤ ብድር በየወሩ በ5 እኩል እኩል አይሰጥም። ያም ሆኖ ግምት ነው።

ወረቀቱ የተገለበጠበት ጊዜ

ልጅቱ ይህን ጊዜ ማልቀስ ጀመረች። ከገባች ጀምሮ የምታወራው አንድ ነገር ነው፤ ከፍያለሁ፣ ከፍያለሁ፣ ከፍያለሁ። ባለሙያው ወረቀቱን ገለበጠና በባዶው ጀርባ ላይ አንድ ቃል ጻፈ። «ጓጉንቸር።»

«ኪራዩን ለጊዜው እንተወው» አላት። «ባትከፍዪስ ኖሮ? በሩን መቆለፍ ይችሉ ነበር?»

አላወቀችም። ብዙ ሰው አያውቅም። የነጻ ድጋፍ ትልቁ ጥቅም ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ተከራዩ እንደ አንድ ቋጠሮ ተሸክሞት የመጣውን ነገር ፈትቶ ሁለት ማድረግ። ዕዳው አንድ ጉዳይ ነው፤ ጓጉንቸሩ ሌላ። ተከራዩ «ከፍያለሁ» እያለ ሲሟገት አከራዩ የቆለፈበት ድርጊት ሳይጠየቅ ይታለፋል፤ ሁሉም ሰው፣ ቀበሌውም፣ ፖሊሱም፣ ሽማግሌውም፣ ሒሳብ ማስላት ውስጥ ይገባል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2952 ኪራይ የዘገየበት አከራይ ምን እንደሚያደርግ ነግሮታል። ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ውሉ የአንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 30 ቀን፣ ከዚያ ካነሰ 15 ቀን ጊዜ ይሰጥና «ካልከፈልክ ውሉ ይፈርሳል» ብሎ ያስታውቃል። የልጅቱ ውል የስድስት ወር ስለሆነ 15 ቀን ይገባት ነበር። የተሰጣት አንድ ቀን እንኳ አይደለም። ቀኑ አልፎ ተከራይ አልወጣም ቢል ደግሞ የሚያስወጣው ፍርድ ቤት ነው፤ አከራዩ በገዛ እጁ አይፈጽመውም።

በሩ ላይ ለተደረገው ነገር ሕጉ ሌላ መንገድ አለው፤ በቁጥር 1149 የቀረበ ክስ፣ በፍርድ ቤት ቋንቋ «ሁከት ይወገድልኝ»። ይዞታው የተወሰደበት ወይም የታወከበት ሰው ከሁለት ዓመት ሳያልፍ ሊያቀርበው ይችላል። የዚህ ክስ ውበቱ ጥያቄው ጠባብ መሆኑ ነው። ቤቱ የማን ነው አይባልም። ኪራይ ማን ከፈለ አይባልም። ክፍሉን ማን ይዞ ነበር? ሁከቱን ማን ፈጠረ? ይኸው ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ማስረጃ ደግሞ ልጅቱ ዘንድ ሞልቷል። ውሉ አለ፣ ዕቃዋ ውስጥ ነው፣ የራሷ ቁልፍ በሩ ላይ ነው፣ ጓጉንቸሩ ሲንጠለጠል ያየች ጎረቤት አለች።

በእርግጥ በዚህ መንገድ የሚያሸንፍ ሰው ዕዳው አይሰረዝለትም። አከራይዋ ለኪራዩ ለብቻው መክሰስ ይችላሉ። ግን ያን ጊዜ ልጅቱ በጋቢዋ ተጠቅልላ፣ ክፍሏ ውስጥ ሆና ነው የምትሟገተው። በታኅሣሥ ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

ከጓጉንቸሩ በኋላ ያሉት ቀናት

መጀመሪያ፣ ጓጉንቸሩን አለመስበር። በገዛ ክፍሌ ምን አገባቸው ብሎ በድንጋይ የሚመታ አለ፤ ያን ጊዜ ጉዳዩ ይገለበጣል። አከራዩ «ቤቴን ሰበረብኝ» ብሎ ፖሊስ ይጠራል፤ ተበዳዩ ተከሳሽ ይሆናል። ሁለቱንም ቁልፎች አንድ ላይ የሚያሳይ ፎቶ ማንሳት፣ ጎረቤት ማሳየት፣ በዚያው ቀን ወደ ፖሊስና ወደ ቀበሌ መሄድ ይሻላል። ፖሊስ «የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፣ ፍርድ ቤት ሂዱ» ሊል ይችላል። ይበል፤ ተከራዩ የሚፈልገው የመጣበት ቀንና ሰዓት መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ነው። አከራዩ ክፍሉን ከፍቶ ዕቃ ማውጣት ከጀመረ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ መኖሪያ ቤት መድፈር በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 604 የሚያስቀጣ ነው፣ በሩም የአከራዩ መሆኑ ብቻ አያድነውም። በዚያ ሰዓት የቀበሌ ሰው ባለበት የዕቃ ዝርዝር መያዝ አለበት። ሳይዘረዘር የወጣ ዕቃ በኋላ «ቴሌቪዥን ነበረኝ» «አልነበረህም» ይሆናል።

ቀጥሎ ክሱ ይጻፋል። ፍርድ ቤት ደጃፍ ያለው ማመልከቻ ጸሐፊ በጥቂት ብር ይጽፈዋል፤ ብዙዎቹ ጥሩ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ግን ሁሉንም ጉዳይ በአንድ ቅርጽ ያፈሳሉ። ብዙ ጊዜ ከክሱ የሚጎድለው የማስረጃ ዝርዝሩ ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ በቁጥር 223 ከክሱ ጋር የምስክሮች ስምና አድራሻ፣ ምን እንደሚመሰክሩ፣ የሰነዶቹም ዝርዝር እንዲያያዝ ይጠይቃል። እዚያ ያልተጠቀሰ ምስክር በቀጠሮው ቀን እጁን ይዘውት ቢመጡ ሊመለስ ይችላል። ሁለተኛው ጉድለት የሚጠየቀው ዳኝነት ነው። «ፍትሕ ይሰጠኝ» ዳኝነት አይደለም። «ተከሳሽ የፈጠሩትን ሁከት አስወግደው ክፍሉን እንዲያስረክቡኝ፣ ቀብድ 2,500 ብር እንዲመልሱ» ነው ዳኝነት። ከተጻፈው በላይ ዳኛው አይሰጡም።

ክሱ እስኪታይ ብርዱ አይጠብቅም። ልብስና መታወቂያ በአስቸኳይ እንዲወጣ፣ ዕቃው እንዳይነካ ዕግድ እንዲሰጥ በቃለ መሐላ የተደገፈ ማመልከቻ ከክሱ ጋር አብሮ ይቀርባል፤ ሕጉ በቁጥር 154 ይፈቅዳል። ከክሱ ተለይቶ በሳምንቱ የሚቀርብ የዕግድ ጥያቄ አስቸኳይ መሆኑን ለማሳመን ይቸገራል። አንድ ሳምንት ከቆየህ ምን አስቸኮለህ ይባላል።

በሌላ ጊዜ ደግሞ የሚከሰሰው ተከራዩ ነው። ያኔ የሚጎዳው መጥሪያ ፈርቶ መደበቅ ነው። «ካልፈረምኩ ክሱ አይጀምርም» የሚል እምነት አለ፤ ከየት እንደመጣ እንጃ። መጥሪያ አልቀበልም ባለ ሰው በር ላይ ሊለጠፍ ይችላል፤ ተከሳሽ ሳይቀርብ ሲቀር ጉዳዩ በሌለበት ይታያል። እንዲህ ያለ ፍርድ ላይ የወደቀ ሰው መውጫው በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 78 ነው፤ ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ ያልቀረበበትን በቂ ምክንያት አስረድቶ እንዲነሳለት ይጠይቃል። ፍርዱ ተከራክሮ የተሸነፈበት ከሆነ የይግባኙ ጊዜ 60 ቀን ነው። ሰው ወደ ነጻ ድጋፍ የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ የአፈጻጸም ትዕዛዝ በእጁ ከገባ በኋላ ነው። ያኔ ጠበቃው የሚያየው ሕጉን ሳይሆን የቀን መቁጠሪያውን ነው።

ሁለት ዋጋ ያለው ውል

ወደ ልጅቱ ውል እንመለስ። ውሉ ላይ የተጻፈው ኪራይ 1,200 ብር ነው። የምትከፍለው 2,500። «ለግብር ብለው ነው» አለች፤ እንደ ተራ ነገር። የኪራይ ገቢ በገቢ ግብር አዋጁ ሠንጠረዥ «ለ» ግብር የሚከፈልበት ስለሆነ በወረቀት ዋጋ መቀነስ በየከተማው የተለመደ ነው። ተከራዩ የሚያጣው ነገር ያለ አይመስለውም።

እዚህ ላይ ፈተና አለ። በወረቀቱ ቢሰላ የሦስት ወር ኪራይ 3,600 ብር ነው፤ ልጅቱ 7,500 ልካለች፤ 3,900 ብር ትርፍ አለኝ ብላ ልትከስ ትችላለች። በጽሑፍ የሰፈረን ነገር በምስክር መቃወም እንደማይቻል የፍትሐ ብሔር ሕጉ ይላል፤ ስለዚህ አከራይዋ «እውነተኛው ዋጋ 2,500 ነበር» ለማለት ይቸገራሉ። ለጠበቃ የሚያጓጓ ነው። እኔ ግን ይህ ትክክለኛ መንገድ አይመስለኝም። የፈረመችው ውሸት የሷም ውሸት ነው፤ በዚያ ላይ ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል። አከራይዋ «የላከችው የኪራይ ገንዘብ ቢሆን ኖሮ 1,200 ነበር፤ 2,500 መሆኑ ሌላ ጉዳይ ለመሆኑ ማስረጃ ነው» ካሉ ያ እኩል እኩል የሆነው የወር ክፍያ ክብደቱን ያጣል። ውሸት ያለበት ወረቀት ለያዘው ሁሉ ስለት ነው። «ግብር ቢሮ እነግርብዎታለሁ» ብሎ ማስፈራራትም አለ፤ የሚረዳ ባለሙያ ይህን ምክር አይሰጥም።

ከደረሰኝ ሳልወጣ አንድ ነገር ልጨምር። ሕጉ በየጊዜው ለሚከፈል ዕዳ ተበዳሪን የሚያግዝ ግምት አለው፦ የኋለኛው ወር ደረሰኝ ያለ ምንም ማስታወሻ ከተሰጠ የቀደሙት ወራት ተከፍለዋል ተብሎ ይገመታል። የኅዳር ደረሰኝ ያለው የጥቅምቱን ቢያጣ እንኳ አይሸነፍም ማለት ነው፤ ማፍረሱ የአከራዩ ሸክም ይሆናል። አንድ ብጣሽ ወረቀት ሦስት ወር ትሸከማለች። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ያሉት አባቶች የቤት ኪራይ ባያውቁም ነገሩን አውቀውታል።

ነውሩን የሚያቀልል ዘዴም አለ። «ይፈርሙልኝ» ከማለት ይልቅ ገንዘቡን ሲልኩ «የጥቅምት ኪራይ ልኬልዎታለሁ እትዬ፣ ደረሰዎት?» የሚል መልእክት መላክ። «ደርሶኛል ልጄ» የሚል መልስ ከመጣ ደረሰኝ ነው። ማንም አልተቀየመም፤ ቡናውም አልቀረም።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይህን ሁሉ አለማመን ወደ ግዴታ ለውጦታል። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፤ በ30 ቀን ውስጥ ለተቆጣጣሪው አካል ቀርቦ ይመዘገባል፤ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ኪራዩ በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል። በክልል የሚሠራው ግን ክልሉ በወሰናቸው ከተሞች ነው። ስለዚህ ከሸዋ ሮቢት፣ ከአረርቲም ይምጣ ከእነዋሪ፣ ለተከራይ የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ከተማችሁ በአዋጁ ውስጥ ናት?» የሚል ነው። ካልሆነች የፍትሐ ብሔር ሕጉ ይሠራል፤ እሱም በር አያስቆልፍም።

ሌላው የፋብሪካ ከተማ ጣጣ አራት ሆኖ አንድ ክፍል መከራየት ነው። ውሉ በአንዷ ስም ይሆናል። እሷ ሥራ ለቅቃ ወደ አገሯ ስትሄድ ሦስቱ በሕግ ዓይን እንግዳ ናቸው። የአራቱም ስም ውሉ ላይ ይግባ፤ ሁለት ምስክር ይፈርም። የቆጣሪው ቁጥር በገቡበት ቀን ፎቶ ይነሳ፤ የተሰነጠቀው መስታወትና የሚያፈሰው ቆርቆሮም እንዲሁ፤ ሲወጡ «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» የሚባለው እነዚህ ናቸው።

«ለልጄ ላኪለት»

የልጅቱ ክስ ተጻፈ፣ ዕግዱም ተጠየቀ። ስልኳ ሲበረበር ደግሞ ከመስከረሙ ክፍያ አንድ ቀን በፊት ከእትዬ ስልክ የመጣ መልእክት ተገኘ። «ኪራዩን ለልጄ ላኪለት እሱ ያወጣልኛል»። የጎደለው ድልድይ ይህ ነበር። ልጅቱ ራሷ ረስታው ነበር፤ «ይሄ ምን ይረባል ብዬ ነው» አለች።

መጥሪያው እንደደረሳቸው እትዬ ሁለት ሽማግሌ ይዘው መጡ። በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃም ይቆማል ይባል የለ። ነገሩ እንዲህ ሆኖ ተገኘ፦ ልጁ ገንዘቡን ተቀብሎ ለእናቱ አልሰጠም፤ «አልላከችም» ብሏቸዋል። እትዬም አልዋሹም።

ሽማግሌዎቹ «ይቅር በሉ፣ በቃ» ብለው ሊነሱ ሲሉ ባለሙያው አስቀመጣቸው። በየሰፈሩ የሚጻፍ የእርቅ ወረቀት ላይ ይቅርታው አለ፤ ቀንና ብር የለም። ስለዚህ ተጻፈ፦ ክፍሉ ዛሬ ይከፈታል፤ እስከ ኅዳር ያለው ኪራይ እንደተከፈለ ይቆጠራል፤ ተከራይ እስከ ጥር 30 ትቆያለች፤ ስትወጣ ቀብዱ 2,500 ብር በዚያው ቀን ይመለሳል፤ ካልተመለሰ በአፈጻጸም ይጠየቃል። ወረቀቱ ወደ ችሎት ሄዶ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 274 ጀምሮ በሚለው መሠረት መዝገቡ ላይ ሰፈረ። ያልተመዘገበ እርቅ ሲፈርስ ክስ እንደገና ከሀ ይጀመራል፤ የተመዘገበው እንደ ፍርድ ይፈጸማል።

እትዬ ሲወጡ ልጅቱን ትከሻዋን ይዘው «ምነው ልጄ ብትነግሪኝ» አሏት። እሷም አቀርቅራ «እንዴት ልጠይቅዎ እትዬ» አለች።

የካቲት 1 ሌላ ግቢ ገባች። የክፍያውን ቦታ ውሉ ላይ ራሷ በእጇ ጻፈችው፤ «ኪራዩ በአከራይ ስም በተከፈተ ሒሳብ ይገባል»። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ወደ ቆጣሪው ሄደች።